በሳፍያ እጅ ጥፋት፣ በሊድያ እጅ አደጋ

ለተከበሩ ፍራው ዶክተር ሆልትሃውዘን፣
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠቅሰው የካቶሊክ ልጃገረዶች ጂምናዝየም ርእሰ መምህርት፣
ፍራንክፈርት አም ማይን

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ውድ ባልደረቦችዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በተረጋጋ መንፈስና፣ እንደ ወትሮው፣ በማይናወጥ እርግጠኝነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፊቴን በመስተዋት ማየት ትንሽ ይከብደኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ይህም የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ስላልሆነ አላስቸግርዎትም።

ዕፀገነት እባላለሁ፤ የፍራንክፈርቷ ጻይልስሃይም ሰፈር ነዋሪና የሊድያ እናት ነኝ። እስከዚህ መኸር ድረስ የወላጆች ምክር ቤት፣ ማለትም የኤልተርንባይራት አባል ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ኬክ በማምጣት እንጂ በመናገር የማትታወቀው ሴት እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን መጽሔት ማውጣቴ እንዳያስቀይምዎት፤ የበደልኳቸው ሰዎች የሚያነቡት በዚህ ቋንቋ ነው። የጀርመንኛው ቅጂ በፖስታ ይደርስዎታል።

ነገሩን የማያውቁ አንባቢዎች ስላሉ፣ ትዕግሥትዎን እየለመንኩ ከመነሻው ልጀምር።

የሳፍያ አባት አቶ ጃብር ጎረቤታችን ነው፤ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ዛሬ በኦስትሃፈን ወደብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የሚሠራ ሰው። የእሱ ሳፍያና የእኔ ሊድያ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም። ሊድያ የእርስዎ ትምህርት ቤት እንደገባች፣ ሳፍያንም እዚያው እንዲያስገባት ያግባባሁት እኔ ነበርኩ። «ልጄ ሙስሊም ናት፤ እዚያ ይመቻታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «እነሱ ሥርዓት ይፈልጋሉ እንጂ ሰው አይለዩም» ብዬ መለስኩለት። ይህን ያልኩት በመግቢያው በዓል ላይ ያደረጉትን ንግግር አምኜ ነው። ውብ ንግግር ነበር፤ አሁንም አመሰግንዎታለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ የትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት ለእመቤታችን ጸሎት በአበባ በሚያጌጥበት ሰሞን፣ ሁለቱ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ። ሊድያ የስፖርት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቀድማት የሄደችውን ሳፍያን ልትደርስባት ደረጃውን ስትሮጥ ስትወርድ፣ ቦርሳው መታጠፊያው ላይ የቆመውን የማርያም የጀሶ ሐውልት መታው። ሐውልቱ ወድቆ ተሰባበረ። ሊድያ በድንጋጤ ሸሽታ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ሳፍያ ግን ድምፁን ሰምታ ተመለሰች፤ ተንበርክካም ስባሪውን አንድ በአንድ እያነሳች ጃኬቷ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። አንዲት መምህርት የደረሱት የሐውልቱ እጅ በሳፍያ መዳፍ ላይ እያለ ነው።

«አንቺ ነሽ?» ተባለች።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«ታዲያ ማን ነው?» ሲሏት ዝም አለች።

ከዚህ በኋላ ስለ ሆነው ሁሉ ያለብኝን ምስጋና በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ማን የት እንደነበረ እያንዳንዷን ልጅ በመጠየቅ ስንት ቀን ይባክን ነበር! እርስዎ ግን ከገና ዕረፍት ወዲህ ሂጃብ መልበስ የጀመረች ልጅና የተሰበረ የማርያም ሐውልት አንድ ቦታ ላይ ሲገኙ፣ ሌላ ምስክር ሳያስፈልግዎት ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነልዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃል አመራረጥዎ አመሰግናለሁ። በሳፍያ የትምህርት ማኅደር ውስጥ የገባው «በሃይማኖታዊ ምስል ላይ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት» የሚለው ሐረግ ከጀሶው እጅግ የጠነከረ ነው፤ እስከ ዛሬም ምንም ነገር ሊሰብረው አልቻለም።

ሦስተኛ፣ እኔን ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ ልል ነበር። ግን ጠይቀውኛል፤ እዚህ ላይ መዋሸት አይገባኝም።

ሊድያ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እያለቀሰች ሁሉንም ነግራኝ ነበር። «እማዬ፣ ነገ ገብቼ ልንገራቸው» አለችኝ። «ቆይ፣ እኔ ላነጋግራቸው፤ ቴርሚን ልያዝ» አልኳት። ቀጠሮውን ግን አልያዝኩም። ሊድያ በላቲንና በሒሳብ ደክማ፣ ወደ አሥረኛ ክፍል ትለፍ አትለፍ እየተባለ ነበር፤ በዚህ ላይ ስሟ በሌላ ነገር ከተነሳ ታበቃለች ብዬ ፈራሁ። ሳፍያ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ምንም አያደርጓትም ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ልጄ በየማለዳው «ያዝሽ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «ሴትዮዋ ሥራ በዝቶባቸዋል» እላታለሁ። በስምዎ ስለ ዋሸሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከዚያ የምክር ቤቱ ስብሰባ መጣ። እርስዎም በተለመደው ጨዋነትዎ፣ መተማመናችን እንደ ቆሰለ፣ ልጅቷም «ለባህሏ የሚስማማ» ትምህርት ቤት ብታገኝ ለሁሉም እንደሚሻል አስረዱን። በመጨረሻም «ሐሳብ ያለው አለ?» ብለው እያንዳንዳችንን በዓይን ጠየቁ። ዓይንዎ እኔ ዘንድ ሲደርስ «ናይን፣ ዳንከ»፣ የለኝም አመሰግናለሁ፣ አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ የኬኩን ሰሃን አጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አቶ ጃብርን ለመጨረሻው ውይይት ሲጠሩት ቀድሞ የመጣው ወደ እኔ ነው። «እህቴ ዕፀገነት፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ጀርመንኛሽም ከኔ ይሻላል፤ እባክሽ አብረሽኝ ግቢ» ብሎ ለመነኝ። ሥራ አለብኝ አልኩት። ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ብቻውን ገባ፤ ብቻውን ፈረመ፤ ሳፍያም የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ወጣች። እርስዎ ይህን «በቤተሰቡ ፈቃድ» ብለው መዝግበውታል።

ክብርት ሆይ፣ እኔና እርስዎ በዚህ ሥራ ላይ የተባበርነው ሳንመካከር ነው። እርስዎ አልመረመሩም፤ እኔ አልተናገርኩም። ከሁለታችን የማን ድርሻ እንደሚከፋ ቢጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እርስዎ እውነቱን አያውቁም ነበር።

ሊድያ አሥረኛ ክፍል አለፈች። የፈራሁት ቀረ፤ ያልፈራሁት መጣ። በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ ትመልስልኝ ጀመር፤ ቀጥሎም መመለሱን ተወችው። በጥቅምት አንድ ማለዳ ማንንም ሳታማክር ቢሮዎ ገብታ «የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለችዎት። ደውለው አስጠሩኝ፤ ወዲያው መጣሁ።

እዚያ ያየሁትን ደግነት እስክሞት አልረሳውም። ለልጄ ውኃ ቀድተውላት፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብና መስቀል አይተው፣ እጅዎን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «አደጋ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ማንም ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሆን ብለሽ እንደማታደርጊ እናውቃለን» አሏት። እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለዎት አላውቅም ነበር።

ሊድያ ውኃውን ሳትነካ «ሳፍያስ?» አለችዎት።

«ያ ጉዳይ ተዘግቷል» አሉ።

«የእሷም እኮ አደጋ ሊሆን ይችል ነበር። ለምን እሷን እንዲህ አላሏትም?»

እርስዎ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጅቷ እንደደከማት፣ ወደ ቤት ብወስዳት እንደሚሻል ነገሩኝ። እኔም እሺ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ልጄ ጃኬቷን ለበሰችና ሳትጠብቀኝ ወጣች።

በማግስቱ አቶ ጃብር ቤት ሄድኩ። ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም ነበር። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ዕረፍቴም ጭምር። ሰምቶ ሲጨርስ «ሳፍያ ሊድያ መሆኗን ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር። ከደረጃው ሥር ሆና ሊድያ ስትሸሽ አይታታለች፤ ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ሊድያ ነግራኛለች። እሷን ላለማጋለጥ ነው ዝም ያለችው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ እኮ አስማልኳት» አለ። «በአላህ ስም አስማልኳት። ከማለችም በኋላ አላመንኳትም። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስቦ አይሳሳትም ብዬ፣ አንቺም እዚያ መሐል ስለነበርሽ፣ የገዛ ልጄን አላመንኳትም።»

ይቅርታ ልለው ስል በእጁ ምልክት አስቆመኝ። «አንቺ ለጊዜው እዚህ ቤት አትምጪ። ሊድያ ግን ትምጣ። እሷ ልጅ ናት።» ይህን ለማተም ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ በስልክ «ጻፊው» ብሎኝ ዘጋ።

ሊድያ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ሳፍያ በሩን ከፍታ አየቻትና መልሳ ዘጋችው። በሌላ ቀን ደረጃው ላይ ሆነው አወሩ። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ አብረው ሲሄዱ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እንደ ድሮው ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው አይደለም፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ስፋት አለ። የዚያን ስፋት ልክ እኔ አውቀዋለሁ።

ከምክር ቤቱ ወጥቻለሁ። ስወጣ ያደረግሁትን በሁሉም ፊት ተናግሬ ነው፤ አንዲት እናት «ይህ የግል ጉዳይሽ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ለእርስዎም ሁለት ጊዜ ጽፌ፣ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ የሚገልጽ እጅግ ትሑት መልስ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል።

ስለዚህ በአደባባይ እለምንዎታለሁ። ለልጄ በነፃ የሰጧትን «አደጋ» የሚለውን ቃል ለሳፍያም ይስጧት። ከማኅደሯ ውስጥ «ሆን ተብሎ» የሚለው ይውጣ፤ ለአባቷ እንደተሳሳታችሁ ይጻፍለት፤ ክፍሏ ለነበሩት ልጆችም በአፍዎ ይነገራቸው። ሊድያን ትምህርት ቤት ልቀይርልሽ ብላት «ያን ቃል ሳይሉ የትም አልሄድም» ብላኛለች። በየሳምንቱ ሐሙስ ቢሮዎን አንኳኩታ ለሳፍያ ጽፈውላት እንደሆነ የምትጠይቅዎት ልጅ የእኔ ናት። ጸሐፊዎ ሥነ ሥርዓት እንደጎደላት አስታውቀውኛል፤ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ወረቀት አኩርቶኛል።

እግዚአብሔር ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለምርመራ የሚሆን ትርፍ ጊዜ፣ ለእኔም እንደገና ደፍሬ የጎረቤቴን በር የማንኳኳበትን ቀን ይስጠን እያልኩ፣

በዝምታዋ ዘመን እጅግ የተወደደች፣ ዛሬ ግን ልታስቸግርዎት የተገደደች፣
የሊድያ እናት
ዕፀገነት

ሳልረሳው፦ የጀርመንኛውን ቅጂ የተረጎመችው ሊድያ ናት። አንዳንዱ ቦታ ከአማርኛው ይልቅ ሻካራ ሆኖ ካገኙት የትርጉም ስህተት አይምሰልዎት። ስለ እርስዎ የጻፍሁትን ትንሽ አለስልሺው ብዬ ለምኛት ነበር፤ «ስለ አንቺ የጻፍሽውንም አላለሰለስኩልሽም» አለችኝ።