ከድመቷ የመጡ ደብዳቤዎች

መጋቢት 12
እዚህ ቤት ውስጥ አራት ወንበር አለ። የእኔ የሚባል ግን የለም። መስኮቱ ስር ያለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ በገዛ እጄ ጠርቤ የሠራሁት... እሱን ድመቷ ይዛዋለች። ዛሬ ልቀመጥ ስል አንድ ዐይኗን ገልጣ፣ ወሬ እንደሚያበዛ እንግዳ አየችኝና መልሳ ተኛች። አቤቱታዬን ለዳኛዬ አቀረብኩ። ዳኛዬ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰውን ስለምትመረምር ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።
«አጎቴ፣ አንተ ትልቅ ነህ፤ ቁም» ብላ ፈረደችብኝ።
«ይግባኝ እላለሁ!»
«ለማን?»
«ለእናትሽ።»
ፊቷን ወደ ድመቷ አዞረች። ምን አናገረኝ? እህቴ ከተማ ሆስፒታል ከተኛች ሁለተኛ ወሯን ያዘች። ሳንባዋ ነው። ስትሄድ ልጇን «ድመቴን አደራ» አለቻት። እኔን ደግሞ «ልጄን አደራ። ቀልድህንም ቀንስ።»

መጋቢት 15
ብርዱ ለቀቀ። ባቄላው ብቅ ብቅ ብሏል። ዶሮዋም ፈለፈለች፤ ዐሥራ አንድ! ዳኛዬ ድመቷ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችላት።
«ለምንድነው?»
«ጫጩቶቹ ከሩቅ አይተዋት እንዲሸሹ።»
ድመቷ በጣም ተቀየመች። ቅሬታዋን የተወጣችው ወንበሬ ላይ ተኝታ ነው።

መጋቢት 19
ሦስት ጫጩት የለም። ዳኛዬ ድመቷን ጠርጥራ ስታለቅስ አረፈደች። እኔ ግን የዶሮ ቤቱ ጥግ የአይጥ ጉድጓድ አገኘሁ። «ተከሳሿ ነፃ ናት!» ብዬ አወጅኩ። ሱቅ ሄጄ መርዝ አመጣሁ፤ ከዳቦ ጋር ለውሼ እጄ እስከሚደርስበት ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩት። ድመቷ እንዳትነካው አፉን በድንጋይ ዘጋሁ። ብልጥ ነኝ!

መጋቢት 21
ድመቷ ሞተች።
እንጨቱ ክምር ኋላ አገኘኋት። ከጎኗ ግማሽ አይጥ። በሌላ ቀዳዳ ወጥቶ ነው... የመርዙን ጣሳ አንስቼ አነበብኩ። ጀርባው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦ መርዙን የበሉ አይጦች ሌላ እንስሳ ሳያገኛቸው ተለቅመው ይቀበሩ። እኔ! የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የቆጠርኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወረቀት የሚያስነብበኝ ሰው! ሱቅ ውስጥ ትልልቁን ጽሕፈት ብቻ አይቼ ተውኩት። መነጽሬ እንደ ልማዱ ግንባሬ ላይ ነበር።
ዳኛዬ ሳትነሳ ድመቷን ከነቀይ ጨርቋ ባቄላው መደብ ጫፍ ቀበርኳት። ቸኩዬ ነበር፤ ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለም።
«ድመቷስ?»
«እናትሽን ልትጠይቅ ከተማ ሄደች።»
ከአፌ አመለጠኝ። ለምን?

መጋቢት 23
ቅዳሜ። አትክልት የሚጭነው ሾፌር ከከተማ መጣ። እህቴ መጻፍ ስለማትችል ወሬዋ የሚደርሰን በእሱ አፍ ነው። ዛሬ ግን ለዳኛዬ ደብዳቤም ሰጣት፤ ማለዳ እኔ ጽፌ፣ መንገድ ላይ ጠብቄ ያስያዝኩትን። «የሆስፒታሉ አይጦች ሰነፎች ናቸው። የምተኛው እናትሽ አልጋ ስር ነው። ሐኪሙ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን እቀድመዋለሁ። ድመትሽ።»
«በስተርጅናህ የድመት ጸሐፊ ሆንክ?» አለኝ ሾፌሩ።
ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቴም ሳቀች። እናቷ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ታዲያ ምን ክፋት አለው?
«እህቴስ?» አልኩት። «ደህና ናት» አለ፤ ፊቱን አዙሮ።

መጋቢት 30
ዳኛዬ ለድመቷ መልስ ጽፋ ለሾፌሩ ሰጠችው። እሱ አጥሩን ሳያልፍ አምጥቶ እጄ ላይ ጣለው። «አንተው ተሸከመው» አለኝ። እውነቱን ነው። ደረት ኪሴ ውስጥ አለ።
«እማዬን እግሯን ይበርዳታል፤ እግሯ ላይ ተኚ። ስታስል ካየሽ ለሐኪሙ ንገሪ። እሷ ትደብቃለች።»
ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሚያዝያ 4
ታች አጥር ሳጥር ዋልኩ። ዶሮዋ ልጆቿን ይዛ ጓሮ ገብታ ስትጭር ነበር አሉ... ስመለስ ባቄላው ጫፍ ላይ አፈሩ በእጅ ተደልድሏል። ላዩ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ደግሞ፣ በእኔ ሸሚዝና በእሷ ቀሚስ መሃል፣ ቀይ ጨርቅ። ታጥቧል።
ራት ላይ «ዳቦውን አቀብለኝ» አለች። ሌላ ምንም።

ሚያዝያ 7
አዲሱን ደብዳቤ ለሾፌሩ ባለፈው ቅዳሜ ሰጥቼው ነበር። ላስቀረው ብሮጥ እጇ ገብቷል። ቆማ አነበበችው። አልሳቀችም። በአራት አጠፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ... ብዙ አየችኝ። ንዴት የለውም። ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።
«ጥሩ ነው» አለች።
ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ስለ ዝናብ ነው።

ሚያዝያ 11
ቅዳሜ ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው። ክንዱ ላይ የተደገፈችው... እህቴ። ቀሚሷ የሌላ ሰው መስሏል።
«ምን ታፈጣለህ፣ አንተ ሽማግሌ? ወንበር አምጣ እንጂ!»
ያንኑ ወንበር አመጣሁ። ተቀመጠች። ስሩን፣ ጎኑን አየች።
«ድመቴስ?»
ዳኛዬ ቀደመችኝ። «አንቺን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። መንገድ ላይ ተላልፋችሁ ነው።»
እህቴ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አላባራ አለ። «የአጎትሽ ተማሪ! አበላሸልኝ እኮ!» አፏን ጠርጋ መሐረቡን እጅጌዋ ውስጥ ሸሸገች። «እኔ ድኛለሁ። ሐኪሙም “ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ቤትሽ ግቢ” አለኝ።»
ሾፌሩ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።
ዳኛዬ እናቷን አየቻት። ቅዳሜ ደብዳቤውን አጥፋ እኔን እንዳየችኝ፤ ልክ እንደዚያ። «እሰይ» አለች። ጎንበስ ብላም እግሯን በብርድ ልብስ ጠቀለለችላት።
እህቴን እንቅልፍ ሲወስዳት ዳኛዬ እጅጌዬን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝ።
«አጎቴ፣ ስለ ድመቷ አልጠይቅህም። ስለ እማዬ ግን እውነቱን ንገረኝ። ሾፌሩ ነግሮሃል አይደል?»
ነግሮኛል። ሻንጣውን ሲያቀብለኝ፣ በጆሮዬ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚያደርጉላት ነገር የለም።
«ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ» አልኳት። እውነት ለመናገር መነጽር ምን ያደርጋል? ገብቼ ይህን እየጻፍኩ ነው። በመስኮት ትታየኛለች፤ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ጫጩቶቹ ዙሪያዋን እየጫሩ። አልጠራችኝም።
መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነው። አይታዋለች። አይታው ነው ዝም ብላ የለቀቀችኝ።
ልውጣ። ከድመቷ እጀምራለሁ።