የአያ ዋኘው ምላጭ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለመምህር ሙላት ፈንታ፤ አርባ ምንጭ።

እንደምን ከርመሃል? የአገሩ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ወንጌላዊት ጤናዋ እንዴት ነው? ሕፃኗ ሂዊስ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ደርሷል፣ አጨዳ ልንጀምር ነው። አሁን የምጽፍልህን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩህ የስልክህን ድምፅ ከፍተህ ለቤቱ ሁሉ ስለምታሰማ ነው።

አምና ለባለቤቴ ለደመላሽ ደም ልሰጥ ስል የጉበት ቫይረስ ሲ እንደተገኘብኝ ታውቃለህ። ደብረ ማርቆስ በቀን አንድ ኪኒን ለሦስት ወር ታዘዘልኝ። ዶክተር ፍቅርአዲስ የምትባል ሐኪም ደግሞ በየጊዜው ትንሽ ደም እንድሰጣት ለመነችኝ። «ነጭ የደም ሕዋሶችሽ ከቫይረሱ ጋር ለዓመታት ሲታገሉ ዝለዋል፤ መድኃኒቱ ሲያግዛቸው ጉልበታቸው ይመለስ እንደሆነ እናጠናለን» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ይህን አያ ዋኘው ሰማ። ያ ሥር የሚምሰው፣ በዋግምት ጀርባ በምላጭ እየበጣ የሰፈሩን ደም የሚያወጣው። «ደምሽን እየሸጡት ነው፤ ኪኒኑን ጣይው» ብሎ ደመላሽን አስፈራራብኝ። ደም ከጠላ አተላ የማይለይ ሰው የደም አዋቂ ሆነ! አንተም ደውለህ «ሽማግሌ ነው፣ ቃሉን አትናቂ» አልከኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ፊደል የት ገባ? እንዲህ እየመከርክ ነው የሰው ልጅ የምታስተምረው? ሁለታችሁንም ትቼ ኪኒኔን ጨረስኩ።

ካበቃሁ ከሦስት ወር በኋላ ስመረመር ቫይረሱ የለም። ዶክተሯም «ከዛሉት ሕዋሶችሽ የተወሰኑት ነቅተዋል፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። እንደገና ሊይዝሽ ስለሚችል ስለታም ነገር ከማንም ጋር አትጋሪ» አለችኝ። ከየት አገኘኝ ብዬ ብጠይቃት ጀርባዬ ላይ ያለውን የዋግምት ጠባሳ አየች። «በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ከሆነ ያስተላልፋል» አለች። ያን ምላጭ በቡትቶ ጠርጎ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ ሲያዞር ስንት ጊዜ አይተናል!

ስወጣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አያ ዋኘው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወረፋ ይዟል። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ለሌላው ሥር፣ ለራሱ ሐኪም ቤት! ክንዴን ይዞ «ለሰው እንዳትነግሪ፣ ስሜ ይጠፋል» አለኝ። «ሕመምዎን አገር ፊት አላወጣም። ምላጩን ግን ይጣሉ፤ ደማቸውን ያወጡትንም ሁሉ ተመርመሩ ይበሏቸው» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ያቆየሁትን ስም?» ብሎ ፊቱን አዞረ። የሰው ነፍስ ከስሙ አነሰበት።

እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብዬ ሰንበቴ ላይ ተነሣሁ። የራሴን ሕመም ተናገርኩ፤ በዋግምት የተቆረጠ ሁሉ ይመርመር አልኩ። አያ ዋኘው ከካህኑ አጠገብ ተቀምጦ «ደግሞ ሴት ሐኪም ሆነች!» ብሎ አሣቀብኝ። ሰዉም ሳቀ። ሰኞ ግን ዘጠኝ ሰው ከእኔ ጋር ደብረ ማርቆስ ሄደ፤ ሁለቱ ላይ ተገኘ። መድኃኒት ጀምረዋል። እሱ አሁንም ምላጩን አልጣለም፤ የሚሄድለት ሰው ግን ጠፍቷል።

የእሱን ጉድ ላንተ የጻፍኩት ላማው አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ትኩሳት ሲጥልህ፣ ከእኔ ጀርባ የወጣው ምላጭ ነው ባንተ ጀርባ የገባው። አንተ ስትጮህ፣ እንዳትወራጭ እጅህን ጠፍሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት አጥፈህ ሳትጨርስ ሄደህ ተመርመር። ሽማግሌ አታማክር።

ወንጌላዊትን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ፤ ሂዊን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ደመላሽ፣ ልጃችን ምስጋናውና እናታችን ሰላም ይሉሃል። እናታችን ስለ ምላጩ አልሰማችም፤ ውጤትህን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ማንጠግቦሽ ፈንታ
አምበር፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.