ሰባት ብልቃጥ

ኅዳር 3 ቀን

ለልጄ እናት፣

«የሞተች ልጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ማሳደግ አይቻልም። እኔ ቀብሬያታለሁ። እሱም ይቅበራት። አልፈርምም።»

ቃል በቃል ያልሽው ይህንን ነው። ለእኔ ጽፈሽው ቢሆን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼው ዝም እል ነበር። አንቺ ግን የላክሽው ለቤተ ሙከራው ኮሚቴ ነው። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ዘጠኝ ሰው ሰማ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ተናድጄ ነበር መሰለኝ። የማስታውሰው ግን የጠረጴዛውን ብሎኖች ስቆጥር ነው። አሥራ ስድስት ናቸው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እህትሽ ቤት ተስማምቶሻል? ጉልበትሽን እንደገና አመመሽ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሰው «በርታ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለችው ልጃችን አይደለችም። በሕይወት ሳለች ከክንዷ ቆዳ የተወሰዱ ሕዋሶች ናቸው፤ ሰባት ብልቃጥ፣ አንዱም ከትንሿ ጣትሽ አይበልጥም። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር የምሠራውን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ያስረዳሁት ለሷ ነው።

ሕዋስ ፕሮቲን ለመሥራት የመጣለትን መልእክት ያነባል። ንባቡን የሚያስጀምር አንድ ፕሮቲን አለ፤ አንዴ ካስጀመረ ግን ጉልበቱ ያልቅበታል። እኔ ሕመሟ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሌላውን ሥራ ሁሉ ጥዬ የያዝኩት የሱን ረዳት ነው፤ ያለቀውን አውጥቶ አዲስ የሚያጎርሰውን። አምስት ዓይነት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው አሥር ይሞላሉ። ሁለት ግማሾች መሀል ለመሀል ተጋጥመው ነው የሚሠራው። በሷ ላይ ከአምስቱ አንዱ ተበላሽቷል፤ ግማሹ ስህተት ከኔ፣ ግማሹ ካንቺ የወረደ ነው። ግጥሚያው ላላ። ለዳኛዋ «ባትሪ ቀያሪ» ብዬ ነበር የነገርኳት። (ስንጣላ መሀላችን ቁጭ ብላ ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ።)

«የኔ ባትሪ ቀያሪ ሰነፍ ነው?» አለችኝ።

«ሰነፍ አይደለም። ብሎኑ ላልቷል።»

«ታዲያ አታጠብቀውም? ሥራህ ምንድን ነው?»

አንቺ ከጓዳ «ፈረደችብህ!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ስቄ ነበር።

ትኩሳት ሲመጣ ጤነኛ ሕዋስም ይህን ሥራ ሆን ብሎ ይቀንሳል፤ ጤነኛው ይችለዋል። የሷ ግን በደህናው ቀንም ሥራውን የሚያደርሰው በጭንቅ ነው። ለዚህ ነው «ከ38 ካለፈ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት!» ብዬ በእጄ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ የለጠፍኩት።

ለእህትሽ «አምስት ጊዜ ደውዬለት አላነሳም» ብለሻታል አሉ። የደወልሽው አራት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን አንስቻለሁ። «38 ከ4 ሆኗል፣ መኪናው አንተ ጋ ነው» አልሽኝ። «ማስታገሻ ስጫት፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ታገሺኝ» አልኩሽ። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ የሷኑ ዓይነት ፕሮቲን እያጣራሁ ነበር፤ መሀል ላይ ከተውት ይበላሻል። የዚያን ቀን የወጣው እስከዛሬ ካወጣሁት ሁሉ የጠራው ነው። ይህንን የምጽፍልሽ እውነት ስለሆነ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች።

አሁን ሁለቱን ግማሾች እንደ መርፌ ቁልፍ አያይዞ የሚይዝ ትንሽ ሞለኪውል ደርሶናል። በአንዳንዶች ሕዋስ ላይ ሠርቷል፣ በሌሎች ላይ አልሠራም። የአንድ አናጺ ልጅ አለች፣ ሦስት ዓመቷ፤ የወረደባት ስህተት ቁርጥ የኛይቱ ነው። ከሷ ቆዳ ወስዶ ሕዋስ ማሳደግ ወራት ይፈጃል፤ ትኩሳት ደግሞ ወር አይጠብቅም። የኛይቱ ሕዋሶች ግን ዝግጁ ናቸው፤ ከፈረምሽ ሞለኪውሉ ለትንሿ ይሠራ እንደሆነ በነሱ ላይ ወዲያው እንፈትነዋለን። አባትየው ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ያወልቃል።

ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊዋ ተከትላኝ ወጣች። «ጋሼ፣ የእናትየዋ ፊርማ ከሌለ ሕዋሱ ኅዳር 28 ይወገዳል። ደንቡ የሁለቱም ወላጆች ይላል።»

«ይህን ደንብ የትኛው ደረቅ ነው የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት እኮ!»

ልክ ነበረች። ፊርማዬም አለበት።

እምቢታሽ ለሷ አዝነሽ ከሆነ አከብረዋለሁ። እኔን ለመቅጣት ከሆነ ግን ቅጣቱ የሚያርፈው እኔ ላይ አይደለም። እኔ ላይ የሚጨመር ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ባለሽበት ቀኑ ይቅለልሽ። የጉልበትሽን መድኃኒት ሳትበዪ አትዋጪው። እህትሽን ሰላም በይልኝ፤ ባትወደኝም።

እስከ ኅዳር 25 ቀን ድረስ «እፈርማለሁ» ወይም «አልፈርምም» የሚል፣ በእጅሽ የተጻፈ መልስ ይድረሰኝ። የኮሚቴው ቅጽ ከዚህ ጋር ተያይዟል። አልፈርምም ካልሽ ምክንያቱን ጻፊ። ምክንያቱ እኔ ከሆንኩም ሳታለዝቢ ጻፊው፤ ሰዓቱንም፣ ያልኩሽንም። ዘጠኙ ሰዎች ፊት ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ።

የልጅሽ አባት