በቀኝ ወንበር ስለ ተቀመጠችው እህቴ

ለተከበሩ አቶ ፋን ጓንሺ
የአውራጃችን ምክር ቤት አባል
ደቡብ ታይዋን

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከአደጋው በኋላ አንገትዎ ላይ ያሰሩት ድጋፍ ልክ የምርጫ ቅስቀሳው በተጀመረበት ቀን መነሣቱን ሰምተን፣ በማገገምዎ ፍጥነት ቤተሰባችን ተደንቋል።

እኔ፣ ከሠርግ ግብዣ ሲመለሱ የመስኖ ቦይ ውስጥ በገባው መኪናዎ የሞተችው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ፣ የኬ ሹዩን ታላቅ ወንድም ነኝ። በሙያዬ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ፣ የማቀርበው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ለቀብሯ ስለ ላኩልን፣ ስምዎ በትልቁ ስለ ተጻፈበት የሐዘን ጨርቅ እናመሰግናለን። «የእናቶች አርአያ» ይላል። እህቴ አላገባችም፣ አልወለደችም። ለየሟቹ የሚስማማውን ቃል መርጣ የምታስጽፍልዎ እርሷ ስለ ነበረች፣ ስህተቱ ከምን እንደ መጣ ይገባናል።

ሁለተኛ፦ ለፖሊስ በሰጡት ቃል መሠረት መኪናውን የነዳችው እርሷ ናት። በግብዣው ላይ በየጠረጴዛው እየዞሩ ጽዋ ሲያነሡ ስላመሹ፣ ትውስታዎ ቢደበዝዝ አልፈርድብዎትም። ሆኖም እናቴ አስከሬኗን ስታለብስ፣ የደኅንነት ቀበቶው ሰንበር ከቀኝ ትከሻዋ ተነሥቶ ወደ ግራ ዳሌዋ ሲወርድ አይታለች፤ እኔም አይቻለሁ። መሪው በግራ በሆነበት መኪና ቀበቶው የሾፌሩን ቀኝ ትከሻ አይነካም።

ሦስተኛ፦ ነፍሷን ከሞተችበት ውኃ ወደ ቤት ለመጥራት ከቤተ መቅደሱ ካህን ጋር ቦዩ ዳር በቆምንበት ዕለት ረዳትዎን ስለ ላኩልን እናመሰግናለን። እናቴ የሟች ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ሁለቱን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ደጋግማ ብትጥልም የእሺታው አወዳደቅ አልመጣም ነበር። ረዳትዎ ጠጋ ብሎ፣ «ኧረ እማማ፣ የሞተ ሰው እኮ አይከሰስም! እሳቸው ግን ምርጫ አለባቸው። ዝም ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?» አላት። እናቴም፣ «ወግድልኝ! የቀረኝ ስሟ ነው፤ እሱንም ልስጥህ?» ብላ ወደ ውኃው ዞረች። «ሹዩንዬ፣ ነይ እንሂድ። አንቺ አልነዳሽም። እኔ እናትሽ አውቃለሁ።» እንጨቶቹ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቁ፤ እሺ ማለቷ ነው። ይህን በማስረጃነት አላቀርብም፤ እንጨት አይመሰክርም። እናቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃልዎን ያርሙ። የሰንበሩ ፎቶግራፍ በእጄ ነው፤ ለዐቃቤ ሕግ አስገባዋለሁ። እርስዎ ቀድመው እውነቱን ቢናገሩ ግን፣ እናቴ የልጇ ገላ በችሎት ፊት ሲታይ ከማየት ትድናለች።

እስከ ዛሬ ስላሳዩን አሳቢነት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

መራጭዎ የነበርኩት
ኬ ያውቲንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሑድ በቅስቀሳ መኪና በሰፈራችን እንደሚያልፉ ተነግሮናል። እርስዎ ከላይ ቆመው እጅዎን ሲያውለበልቡ ሌላ ሰው እንደሚነዳልዎ አውቃለሁ። መልካም ነው። በዚያን ቀን አንዳች ነገር ቢደርስ፣ ማን ይነዳ እንደ ነበር መንገዱ ሁሉ ያያል።