«ገባቸው?» ብለው ይጠይቁ ስለነበሩት መምህርታችን

የላብራቶሪ ጠባቂዎችና የጽዳት ሠራተኞች ማኅበር፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለሃያ አንድ ዓመት ያስተማሩት መምህርት ከዚህ ዓለም በመለየታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል። የተማሩት ሰዎች በራሳቸው መግለጫ የመምህርቷን ዲግሪ ቆጥረዋል። እኛ ያየነውን እንናገራለን። እኔ ሊቀ መንበሩ፣ የላብራቶሪው ጠባቂ፣ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጸሐፊያችን ቃሌን እንዳለ ታስፍር።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ሥራ ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ወር ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ጠፍተው እንዲቆዩ አደረጉ። ተማሪው ትዕዛዙን በወረቀት ጽፎ ለጠባቂው ያነብባል፤ ጠባቂው የተባለውን ብቻ ይፈጽማል። አንዱ «ወደ መስኮቱ ይሂዱ» አለኝ። ይቁሙ ያለኝ የለምና ግንባሬ መስታወቱን እስኪመታ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አያዩም እንዴ?» ቢለኝ፣ መምህርቷ «ማሽንም አያይም፤ ያልነገርከውን ከየት ያምጣው?» አሉት። ያ ልጅ ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እሳቸው የጻፉትን ጥያቄ በየሳምንቱ የሚያወጣና የተማሪ ሥራ የሚቀበል ፕሮግራም ሠሩ። ተማሪው ሥራውን ሲያስገባ «ለጠባቂው አስረዳሃቸው? ገባቸው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ገባኝ ካላልኩ አይታረምም። ብዙ መምህራን ሳቁ። በሽምደዳ ያለፈ ግን አንድም የለም፤ በዚህ እንኮራለን።

ዘንድሮ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ታመሙ፤ በስድስተኛው ቀበርናቸው። አዘጋጅተው የተዉት ጥያቄ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ብቻ መሆኑን ኃላፊው አረጋግጧል።

በሰባተኛው ሳምንት ጥያቄው መጣ። በስምንተኛውም መጣ። ባለሙያዎች የመምህርቷን የይለፍ ቃል ዘጉ፤ የሚጽፍ ሰው ፈልገው አጡ። በዘጠነኛው አንዲት ተማሪ ጥያቄውን ስታነብልኝ «ጠባቂው ዛሬ ለምን በሩ ሥር ተቀመጡ?» ይላል። ወንበሬን ያዛወርኩት ያን ጠዋት ነው። ክፍሉ ካሜራ የለውም፤ ቁልፉም ከእኔ ኪስ አይወጣም።

ኃላፊው «ጋሼ፣ እናጥፋው፤ ፈራሁ» አለኝ። ማኅበራችን እንቢ አለ። የሠላሳ ስምንት ልጆች ሥራ ውስጡ ነው፤ ቢጠፋ ዓመታቸው ይቃጠላል።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት የመጨረሻው ትምህርት ደረሰ። ገባኝ ካልኩ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ሰኞ ገብቶኝ ነበር። እስከ ሐሙስ አልገባኝም እያልኩ ልጆቹን አመላለስኳቸው። ሐሙስ ከሰዓት ጽሑፉ ለተማሪ መሆኑ ቀርቶ ለእኔ መጣ፤ ልጆቹ አነበቡልኝ፤ «ገብቶዎታል። ልጆቹን አያድክሟቸው።»

ዛሬ ዓርብ ጠዋት ገባኝ አልኩ። የሠላሳ ስምንቱም ሥራ ታርሞ ወጣ፤ ፕሮግራሙም ተዘጋ።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። መግለጫችን ስምንት ሳምንት ስለዘገየ ቤተሰቡ አይቀየመን፤ መምህርቷ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሥራ ላይ ነበሩ።