የእሸት አተር ሩዝ

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ከፌርፋክስ ገበያ እሸት አተር ገዝቼ ዌስትውድ ሥራዬ ጋ የደረስኩት አርፍጄ ነው፤ ፓርኪንግ ጠፍቶ። የምንከባከባቸው ጃፓናዊቷ እማማ ኪዮኮ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም።

አተሩን ፈልፍዬ ከሩዙ ጋር በጨው ብቻ ጣድኩት። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። አተር በደረሰ ሰሞን፣ ሥራ ለሚበዛበት ሰው አንድ ድስት ይበቃዋል ይላሉ። ለጾሜም ተመቸኝ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ላጎርሳቸው ብዬ ቾፕስቲኬን ወደ ቾፕስቲካቸው ሳስጠጋ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የምንቀባበለው አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የሟች አጥንት ስንለቅም ብቻ ነው" አሉኝ። አፈርኩ። ጉርሻ ምን እንደሆነ ስነግራቸው ግን የእሳቸውን አስቀመጡና አፋቸውን ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእኔ ናት።

ዛሬም አነሳሁላቸው። "እማማ፣ ትንሽ ብቻ" አልኳቸው። አፋቸውን አልከፈቱም። ቾፕስቲካቸውን አንስተው፣ ሩዙን ከእኔ ቾፕስቲክ ላይ ቀስ ብለው ተቀበሉኝ። ዓይን ዓይኔን እያዩ። ከዚያ ሳይቀምሱት ሳህኔ ላይ አስቀመጡት።

ረስተውት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ኦኬ፣ የእኔንም ስም የሚረሱበት ቀን አለ። ግን የረሳ ሰው እንደዚያ አያይም።

ሩዙን ብቻዬን በላሁት።

ስወጣ ልጃቸው ደወለች። "ዛሬስ ለመብላት እሺ አለችሽ?" አለችኝ።

"ያጎረስኳቸውን ተቀበሉኝ" አልኳት።

ደስ አላት።