በሩ በክረምትም እንዲከፈት

ለተከታታይ ትምህርት ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ነሐሴ 24

ጉዳዩ፦ በዲፕሎማዬ ዓይነት ምክንያት ከተመደብኩበት የሜካኒካል ምህንድስና፣ በምርጫዬ አንደኛ ወዳደረግሁት ሲቪል ምህንድስና እንድዛወር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካቿ በጠቅላላ መካኒክ ዲፕሎማ ያለኝና በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል የምሠራ ቴክኒሺያን ነኝ። ለማታው የዲግሪ መርሐ ግብር ሳመለክት ሲቪልን አንደኛ፣ ሜካኒካልን ሁለተኛ አድርጌ መርጫለሁ፤ የመግቢያ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሆኖም በተለጠፈው የምደባ ማስታወቂያ ላይ ስሜ የተገኘው በሜካኒካል ሥር ነው። ክፍል ከተከፈተ በኋላ የትምህርት ክፍል መቀየር በደንቡ ስለማይፈቀድ፣ አሁን ካልተስተካከለ ዕድሉ ከእጄ እንደሚወጣ በመረዳት ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ።

1. ምደባው ያለ ምክንያት ተሰጠ አልልም። የምዝገባ ሠራተኛዋ በመልካም ፊት እንዳስረዱኝ፣ ዲፕሎማዬን አይተው ወደዚያው የመደቡኝ ይጠቅመኛል ብለው ነው፤ በዲፕሎማ የወሰድኳቸው ብዙ ኮርሶች ይያዙልኛል፣ ቶሎም እመረቃለሁ። ፊቴ እንዳልተፈታ ሲያዩ ግን፣ «እኅቴ፣ ቤት እኮ ሞተር የለውም፤ እዚያ ሄደሽ ምን ልትፈቺ ነው?» አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በመስኮቱ በኩል ቆሜ እንዳልመልስ ሰልፉ ረጅም ስለነበር፣ መልሴን በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

2. የምርጫዬ መነሻ የቤታችን የግቢ በር ነው። አባቴ ብረት በቶርኖ ማሽን የሚቀርጹ ባለሙያ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም ደግሞ ግንበኛ ናቸው። የግቢያችን መግቢያ ሲታደስ ግንቡ የአጎቴ፣ በሩ የአባቴ ድርሻ ሆነ። በአባቴ ሙያ ሁለት ብረት ሲገጥም በመካከሉ የሚታይ ክፍተት ነውር ስለሆነ፣ በሩን በተነገራቸው ልክ፣ ያለ አንዳች ትርፍ ልክክ አድርገው ሠሩት። በአጎቴ ሙያ ግን ግንበኛ ቦታውን ከፍቶ ይሄዳል፤ በሩ የሚላወስበትን ክፍተት፣ መላወሻውን፣ መተው የበር ሠሪው ፈንታ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የየሙያቸውን ደንብ ጠብቀው ሠርተው፣ መላወሻውን አንዱ ለሌላው ተዉለት።

በበጋው በሩ እንደ ቁም ሣጥን መዝጊያ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋ ነበር። አባቴም ጎረቤት እየጠሩ ዝምታውን ያስደምጡ ነበር። ዝናቡ ሲገባ በሩ የተገጠመበት የግራው የግንብ ምሰሶ ጥቂት ዘመም አለና በሩ እንደተዘጋ ቀረ፤ እኛም በሙሉ ውስጥ ነበርን። መምህርት የሆኑት እናቴ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ታቅፈው ግንቡን በመሰላል ተሻገሩ፤ ባለ ደብተሮቹ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሰፈሩ «ባለ መሰላሎቹ» እንባላለን።

አባቴ በሩን ለክተው ቅንጣት እንዳልተለወጠ አረጋገጡ። አጎቴም ግንቡን መርምረው አንድ ድንጋይ እንዳልተናጋ አረጋገጡ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ስለዚህም ለጥቂት ጊዜ ተኳረፉ። እኔ የምሰሶውን እግር ስቆፍር የጣሪያችን አሸንዳ ውኃውን በቀጥታ ወደ መሠረቱ እንደሚያወርድ አየሁ። አሸንዳውን አዞርነው። አፈሩ ግን ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዓይነት በመሆኑ ምሰሶው በየክረምቱ ጥቂት ይዘማል፤ አባቴም በየክረምቱ በሩን ይሞርዳሉ። ምን ያህል መሞረድ እንዳለበት አባቴ ያውቃሉ። ምሰሶው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘም፣ መሠረቱስ ምን ያህል መጥለቅ እንደነበረበት ግን ከቤታችን የሚያውቅ የለም። በዲፕሎማ ትምህርቴም ስለ አፈር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልተሰጠኝም።

3. በሥራ ቦታዬ የገጠመኝም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንዱ ወፍጮ እየተንቀጠቀጠ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላ ነበር። ኩሽኔታውን ደጋግመን ቀየርን፤ ዘንጉን አቃናን፤ ለውጥ አልነበረም። በመጨረሻ እንደታየው ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው የቆመበት ወለል ነው። የጥገና ኃላፊያችን ጉዳዩ የግንባታ ስለሆነ የእኛን ክፍል አይመለከትም አሉ፤ ትክክልም ነበሩ። እኔን የሚመለከተኝ እንደሆነ የተረዳሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

4. ውሳኔዬ የችኮላ አይደለም። ሜካኒካል ብማር የማገኘውን አንድ በአንድ መዝኛለሁ፤ የሚያዙልኝን ኮርሶች፣ እጄ የለመደውን ሥራ፣ ከሁሉም በላይ አባቴን። ልጃቸው የማሽን ኢንጂነር ልትሆን መሆኑን በሥራ ቦታቸው ያልነገሩት ሰው የለም። ሲቪል መምረጤን የነገርኳቸው በሩን ሲሞርዱ ነበር። ሞረዱን ሳያስቀምጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም የብረቱን ብናኝ እፍ ብለው፣ «እንግዲያው አንቺ ከሥር ጀምሪው የኔ ልጅ፤ እኔ ከላይ ስሞርድ ደከመኝ» አሉኝ። አጎቴ በበኩላቸው ወደ እሳቸው ወገን የመጣሁ መስሏቸው ደስታቸውን አልቻሉትም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ የእሳቸውን መሠረት መመርመር እንደሚሆን ስገልጽላቸው ግን ደስታው ቀዝቀዝ ብሏል።

5. ስለሆነም አንደኛ ምርጫዬ ታይቶ፣ ክፍል ከመከፈቱ በፊት ወደ ሲቪል ምህንድስና እንድዛወር በአክብሮት አመለክታለሁ። ዲፕሎማዬ ብቻውን አይበቃም የሚባል ከሆነም፣ የትምህርት ክፍሉ የሚያዘውን ማንኛውንም ተጨማሪ ፈተና ለመፈተን ዝግጁ ነኝ። ኮርሶቼ ባይያዙልኝና ትምህርቱ ቢረዝምብኝ ቅሬታ እንደማላቀርብ በዚሁ አረጋግጣለሁ። ለምዝገባ ሠራተኛዋ ጥያቄም መልሴ ይህ ነው፦ ቤት በእርግጥ ሞተር የለውም፤ ነገር ግን ይንቀሳቀሳል።

ውሳኔው በደብዳቤ የሚገለጽልኝ ከሆነ፣ ወደ ቤት ከሚላክ ይልቅ እዚያው ጽሕፈት ቤታችሁ ቀርቤ እንድወስደው እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ በራችን ለፖስታ አዳይ አይከፈትም፤ መሰላሉ ደግሞ ያለው ከውስጥ በኩል ነው።

ታግሠው እስከዚህ ስላነበቡልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የማሽን ጥገና ቴክኒሺያን

ግልባጭ፦
ለሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል
ለሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል